ተቃጠሉ የተባሉት ጋዋኖች

ጆንያው ሲፈታ መጀመሪያ የወጣው የብል መድኃኒት ሽታ ነው። ጭስ ጭስ አይልም፣ ጥላሸት የለውም፣ አንድ የተለበለበ ክር እንኳ አልነበረበትም። ልብስ ሰፊዋ እጇን ሰዳ አንዱን ጎትታ አወጣችና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው፤ ሰማያዊ የመዘምራን ጋዋን፣ አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ነጭ። ስፌቱ የራሷ ነበር። ሰው የገዛ ልጁን ከጀርባው አይቶ እንደሚለየው ሁሉ ሰፊም ስፌቱን ይለያል፤ ማንም አይነግረውም። ጆንያው ውስጥ ሌሎች ሰባት ነበሩ። ተሸክማ ያመጣቻቸው የቤተ ክርስቲያኑ የጽዳት ሠራተኛ ከደጃፉ አልፋ አልገባችም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ወንበር ስባ የሰፈሩን ወሬ ዘርግፋ ሳትጨርስ አትሄድም።

«ሰብሳቢው ነው የላከኝ» አለች። «ለሕፃናቱ መዘምራን እንዲሆን ቁመቱም ስፋቱም ይቀነስ ብሏል። የውጭ አገር እንግዶቹ አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ ልብሱ ዘጠኝ ላይ ይድረስ ብሏል። የልጆቹን ልክ እሑድ ወስደሽ የለ?»

«ወስጃለሁ። ግን አዲስ ጨርቅ ይመጣል ብለውኝ ነበር እኮ። ይኼ ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ! ተሸከሚ አሉኝ፣ ተሸከምኩ» አለችና ዓይኗን ወደ መንገዱ መልሳ፣ ጆንያውን እንኳ ሳትቀበል ሄደች።

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን «እትዬ ሜትር» ይላታል። የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያንም ትሄድበታለች፣ ዳቦ ቤትም ትሰለፍበታለች፤ «ስትሞት በራሷ ሜትር ለክተን ነው ሳጥኗን የምናሠራው» እያሉ ይቀልዱባታል። ሱቋ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተደግፈው ከተሠሩት ስድስት ክፍሎች አራተኛው ነው። ከፊት የእግር መኪናዋ፣ የመተኮሻ ጠረጴዛዋና ግማሽ ሰው የሚያሳይ መስታወት አለ። ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ደግሞ እሷና ታናሽ እህቷ ራስና እግር ሆነው የሚተኙበት አልጋ። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ የሚከራየው ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖርበት። ቤት ለማን እንደሚሰጥ፣ ዱቄት ለማን እንደሚታደል፣ ብርድ ልብስ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሰብሳቢው ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀቱን ግን አይለቅም።

እነዚህ ጋዋኖች ተቃጥለዋል ከተባሉ ዓመት አልፏቸዋል። የከባድ መሣሪያ ጥይት የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ግማሹን ይዞ የሄደ ዕለት ከጎን ያለው ዕቃ ቤትም ነድዷል። ልብሶቹን ለብሰው ይዘምሩ ከነበሩት ወጣቶች ስምንቱ ያኔ ግንባር ነበሩ፤ አንዱም አልተመለሰም፤ ከስምንቱ የአንዱም አስከሬን ለቤተሰቡ አልደረሰም። ከወላጆቹ መጀመሪያ የልጇን ጋዋን ስጡኝ ያለችው የሰፊዋ እህት ናት። አንድ ልጅ ነበራት። ሌላው ልብሱ ቤታቸው ሲፈርስ ከነሳጥኑ ቀርቷል፤ ገላው የነካው የቀረ ነገር ቢኖር ያ ጋዋን ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ ሄዳ ለምናለች። በሦስተኛው ሰብሳቢው እጇን ይዞ ዕቃ ቤቱ ድረስ ወሰዳትና አመዱን አሳያት፤ «እሳት የበላውን ከየት ላምጣልሽ እህቴ?» ብሎ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልተናገረችም። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጎሕ ሳይቀድ ትገባለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ የሱቁን ወለል ትጠርጋለች፣ ትተኛለች። ሁለት እህትማማቾች በዚያች ጠባብ ክፍል ከ«ጨው አለ ወይ» እና ከ«በሩን ዝጊው» ያለፈ ቃል ሳይለዋወጡ ሳምንት ይወጣል።

እንግዲህ ሰፊዋ ጆንያው እንደተፈታ ጠርጥራለች። ይህን መደበቅ አይገባም። ጋዋኖቹ ስምንት ናቸው፤ ያልተመለሱት ስምንት ናቸው፤ ይህን ለመደመር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ግን ሆዷ ሌላ ሌላ ነገር ነገራት፤ የተረፉት ልጆች ልብስ ይሆናል፣ ከሌላ አጥቢያ የተላከ ይሆናል፣ እኔ ምን አገባኝ፣ የቤቱ ውል የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ልብስ ስታሳንስ ሁልጊዜ ከአንገቱ ነው የምትጀምረው፤ አንገቱ ካልተፈታ ትከሻው ልኩን አያገኝም፤ ይህን ለስንት ተማሪዎቿ ጮኻ አስተምራለች። በዚያ ቀን ግን ከታች ጀመረች። ጫፉን በኖራ አሰመረች፣ በመቀስ ሄደችበት፣ እጅጌውን ቆረጠች፣ አንገቱን በመርፌ ቁልፍ ብቻ ሰብስባ አለፈችው። አንዱን ጨረሰች። ሁለተኛውን ጨረሰች። መኪናው እየጮኸ ስለነበር የሚያስብ ሰው ቢኖር እንኳ አይሰማም ነበር።

ሦስተኛው ለትንሹ ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ያልሞላው፣ አንገቱ የእጅ አንጓ የሚያክል። ከታች ስታጥፈው፣ እጅጌውን ስታሳጥረው እሺ አለ፤ አንገቱ ግን በመርፌ ቁልፍ የሚሆን አልሆነም፣ የግድ መፈታት ነበረበት። ፈታችው። በሁለቱ ነጭ ጨርቆች መካከል፣ ማንም በማያየው እጥፋት ውስጥ፣ በሰማያዊ ክር «ቀጮ» የሚል ነበር።

ራሷ ናት የጻፈችው። ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ልጆቹ እሑድ በመጣ ቁጥር «ይኼ የኔ ነው፣ ያ ያንተ ነው» እየተባባሉ ልብስ ይጓተቱ ነበርና በየአንገቱ እጥፋት ውስጥ የየልጁን የቅጽል ስም ጽፋ ዘጋችው። ሙሉ ስም አልጻፈችም፤ ስማችሁን ልጻፍ ብትላቸው ግማሾቹ «ዘማሪ እገሌ በይልኝ» ብለው ማዕረግ ሊያስጨምሩ ስላማራቸው ነው። ቀጮ የእህቷ ልጅ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት እንኳ ገና ይመዘዛል ብላ ከልብሱ ጫፍ ወደ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ አጥፋለት ነበር፤ ሲያድግ ይፈታል ብላ። አሁን ያ ትርፍ እንደታጠፈ፣ ሳይፈታ፣ በገዛ መቀሷ ተቆርጦ ከእግሯ ሥር ወድቋል።

ደሟ ፈላ። በራሷ ላይ የተነሳ ቁጣ ነበር፤ ግን በራስ ላይ የተነሳን ቁጣ ተሸክሞ መቆም የሚችል ሰው ጥቂት ነውና ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ መኪናውን ሳትሸፍን፣ በሩን ሳትቆልፍ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሮጠች።

ቢሮው አዲስ ተቀብቷል። ከቀለሙ በፊት ግን ዓይኗ የገባው መጋረጃው ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ፣ እጥፍ እጥፍ ያለ፣ ሰማያዊ። አለፍ ሲል የስብሰባው ጠረጴዛ ልብስም ያው ነው፤ የእንግዶቹ ወንበሮች ጀርባም ያው። በሁለት ጣቷ ነካችው። ይህ ጨርቅ ከባሕር ማዶ ካሉ አብያተ ክርስቲያናት «በጦርነቱ ለተጎዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የመዘምራን ልብስ የሚሆን» ተብሎ የመጣው ነው፤ ደብዳቤው በምእመናኑ ፊት ሲነበብ እሷም አጨብጭባለች። መጋረጃው ለብሶ ቆሟል፤ ለመዘምራኑ የሞተ ሰው ልብስ ይቀነስላቸዋል። ሰብሳቢው ከመድን መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ስትገባ የፕሮግራሙን ወረቀት እያረመ ነበር።

«ጋሼ፣ ተቃጠለ አላሉም ነበር?»

«የቱ?»

«የልጆቹ ልብስ። እህቴ ሦስት ጊዜ ስትለምንዎት።»

መነጽሩን አወለቀ። «ተቀመጪ እስቲ።» አልተቀመጠችም። «አስተውዪ እህቴ። ለአንዷ ብሰጥ ስምንቱም ይመጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ያለቀሰ ሁሉ አንድ አንድ ዕቃ አንጠልጥሎ ቢሄድ ምን ይቀረናል? ደግሞ ልብስ አቅፎ ማልቀስ ሐዘንን ያረዝማል እንጂ አያሳጥርም። ለእነሱም ብዬ ነው።»

«አመድ አሳይተዋታል እኮ! አብረዋት አልቅሰዋል እኮ!»

«ያለቀስኩት ከልቤ ነው» አለ፤ ያን ሲል ደግሞ የዋሸ አይመስልም፣ ይሄ ነው ሰውን የሚያሳብደው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆማት። «ያንን እይው። ጣሪያው ሸራ ነው። ክረምት ሁለት ወር ቀርቶታል። እነዚህ ሰዎች ዛሬ መጥተው የቆመ ቤተ ክርስቲያን፣ ንጹሕ ለብሶ የሚዘምር ልጅ ካዩ ጣሪያ ይሠሩልናል። እንባ ብቻ ካዩ አብረውን አልቅሰው ይሄዳሉ። ለሐዘን ጣሪያ የሚሰጥ የለም። እኔ የሞቱትን ማስነሣት አልችልም፤ ያሉት ዝናብ እንዳይመታቸው ግን እችላለሁ።»

ከተናገረው ሁሉ ይህቺ ብቻ እውነት ነበረባት፤ ሰፊዋን ይበልጥ ያናደዳትም ይህችው ናት። እውነት ከሌለበት ሰው ጋር መጣላት ቀላል ነው። «ለልብሱ የመጣው ጨርቅስ?» ብላ መጋረጃውን ብትይዝበት፣ «እንግዳ በባዶ ግድግዳ አይቀበሉትም» አለና መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «በይ ሥራሽን ጨርሺ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ አይደለም። የቤትሽንም ውል በሚቀጥለው ወር እናድሳለን አይደል?» አለ በለሰለሰ ድምፅ። ከአንገት በላይ የሆነ ፈገግታም ጨመረበት።

ስትመለስ ሁለት ነገር ጠበቃት። አንደኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍት ሱቅ አግኝታ ለልምምድ ይፈለጋሉ ብላ ሦስቱን የተቆረጡ ጋዋኖች፣ የቀጮንም አንገቱ እንደተፈታ፣ ይዛ ሄዳለች። ሁለተኛው፣ እህቷ ከሥራ ገብታለች። መጥረጊያዋን ይዛ ወለሉ መካከል ቆማ ነበር። እጆቿ በሆስፒታሉ ሳሙና ነጥተው፣ ጣቶቿ ተጨማደው፣ ከተጠረገው ብጥስጣሽ መካከል ያነሳችውን አራት ጣት የሚሆን ሰማያዊ እጥፋት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ታያለች።

«ይኼ ምንድነው?» አለች።

ሰፊዋ ነገረቻት። ቆማ ነገረቻት፣ ምክንያቱም ብትቀመጥ መነሣት የምትችል አልመሰላትም። ጆንያው መምጣቱን፣ የብል መድኃኒቱን፣ መጋረጃውን፣ ሰብሳቢው ያለውን፣ ሁሉንም ነገረቻት። አንዲት ነገር ብቻ ዘለለች። «አንገቱን ስፈታ ነው ያወቅሁት» አለች፤ አንገቱን ከመፍታቷ በፊት የነበረውን ጥርጣሬ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። እህቷ አላለቀሰችም። መጥረጊያውን ጥጉ ላይ አቆመችና «ስንቱ ቀሩ?» ብላ ጠየቀች። አምስት። «ወላጆቻቸው ያውቃሉ?» አያውቁም። «እንሂድ» አለች። በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

ሰፊዋ የአምስቱን አንገት ፈትታ የማን የማን እንደሆኑ ለየች፤ ስማቸው የጎደለው ሁለቱ ቀድማ የቆረጠቻቸው መሆናቸውን አወቀች። ከዚያ አጣጥፋ በክንዷ ይዛ ወጣች፤ እህቷ ከኋላ። መጀመሪያ ዳቦ ቤት ገቡ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በወፍራም ድምፁ «ነጎድጓድ» ይባል ነበር። አባቱ ጋዋኑን ሲያይ እጁን ዘረጋ፤ ወዲያው እጁ ላይ ያለውን ዱቄት አየና መልሶ ሰበሰበው፤ ሄዶ እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ተመለሰና ተቀበላት። ሰልፍ ላይ የነበሩት ሁለት ሴቶችም ዳቦ ስጠን አላሉትም። «እኔ ልጣላው አልችልም እትዬ ሜትር» አለ በመጨረሻ። «ዱቄቱ የሚመጣው በእሱ ወረቀት ነው። እቤት አራት አፍ አለኝ።» ማንም ለምን ብሎ አልወቀሰውም። ልብሱን ከባንኮኒው ሥር፣ ከትኩሱ ዳቦ ራቅ አድርጎ፣ አስቀመጠው።

ሌላዋ እናት በሩን ከፍታ የመጡበትን ስትሰማ ጋዋኑን ነጥቃ በሩን ዘጋችባቸው፤ ከውስጥ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ተሰማ። እነሱም አላንኳኩም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ጋ ግን የሄዱት ባዶ እጃቸውን ነው፤ የልጇ ልብስ ከተቆረጡት አንዱ ነበርና። ደረጃው ከብዷት ይሁን ነገሩ፣ ሰፊዋ ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳውን ተደግፋ ነገረቻት። ነርሷ የሰማችውን እንደ በሽተኛ ታሪክ ጸጥ ብላ አዳመጠች። «የኔ ልጅ ልብሱን ሰው ሲለብስለት ደስ ይለው ነበር» አለች። «ጫማውን እንኳ አውልቆ የሚሰጥ ልጅ ነው። መጥተው፣ እናቱ ነሽና ፍቀጂልን ቢሉኝ፣ በእጄ ተኩሼ እሰጣቸው ነበር። ሳይጠይቁኝ ግን አልሰጥም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።» ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ ዱላዋን ይዛ፣ አብራቸው ወረደች። ከቀሩት አራት ቤቶች ሁለቱ አብረው መጡ።

አሥር ሰዓት ሲሆን እንግዶቹ ገብተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አምስት ናቸው፤ ሰማያዊ ጨርቅ በለበሱ ወንበሮች ላይ። ከጎናቸው አስተርጓሚዋ ወጣት ሴት፣ ከኋላ ፎቶ አንሺ። ከላያቸው ሸራው በነፋስ ይንቦጫቦጫል። ስምንቱ ሕፃናት በደረጃው ላይ ተሰልፈዋል፤ ሦስቱ ጋዋን ለብሰው አምስቱ የየቤታቸውን ሸሚዝ። ሰብሳቢው አምስቱ ለምን እንደቀሩ ገብቶታል፤ በተቆለፈው ኮሌታው ዙሪያ ላቡ ይታያል፣ ንግግሩ ግን አልተሰናከለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆቻቸውን ያጡትን እንዴት እንደደገፈች፣ እሳት የበላውን እንዴት እንደተካች ይናገራል፤ አስተርጓሚዋ ትከተለዋለች። እህትየው በመካከለኛው መተላለፊያ የገባችው «እንደተካች» ሲል ነው። ከኋላዋ ነርሷ፣ ሁለቱ ወላጆችና ሰፊዋ። ፊት ድረስ ሄደው ቆሙ።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ሰብሳቢው አንዴ እነሱን፣ አንዴ እንግዶቹን አየና እጁን ዘርግቶ ወደ እህትየው መጣ። «እነሆ እናቶቻችን!» አለ። ድምፁ እንኳ ተንቀጠቀጠ። «ልጆቻቸውን ለአገር የሰጡ፣ ዛሬ ደግሞ የልጆቻቸውን ልብስ ለነዚህ ሕፃናት በገዛ እጃቸው ያወረሱ እናቶቻችን!» አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋ ወረደ። ጭብጨባው ከፊት ተነሥቶ እስከ በሩ ደረሰ። ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ ያነሣል። ሰፊዋ እዚያው ልትሞት ምንም አልቀራትም፤ የበደሉትን ሰው መልሶ አመስጋኝ አድርጎ ማስጨብጨብ ከስርቆት ይከፋል፣ ይሄን የሚቀጣ ሕግ ግን የትም አልተጻፈም። ሽበታሟ እንግዳ ተነሥታ እህትየውን አቀፈቻት፤ ከዚያ የምስጋና ቃል እንድትናገር ድምፅ ማጉያውን በገዛ እጇ ሰጠቻት።

እህትየው ድምፅ ማጉያውን እንደማታውቀው ዕቃ አገላብጣ አየችው። ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አልሰጠሁም» አለች።

ማጉያው አፏጨ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ለእንግዶቹ «ሐዘኑ ከብዷት ነው» ሊል ሲጀምር ድጋሚ ተናገረች። «አልሰጠሁም። ተቃጥሏል ብሎ አመድ አሳይቶኝ ነው።»

አስተርጓሚዋ ወደ ሰብሳቢው አየች። ሰብሳቢው በዓይኑ ተዪው አላት። ልጅቷ ግን ፊቷ ቀልቶ፣ ወረቀቷን አጥፋ፣ ቃል በቃል ተረጎመችው፤ የሽበታሟ ሴት እጅ ከእህትየው ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ነርሷ ዱላዋን ወለሉ ላይ መታ አድርጋ «እኔም አልሰጠሁም» አለች። ሁለቱ ወላጆች ተከተሉ። ያኔ ከበሩ በኩል፣ ከነሽርጡ የቆመ ሰው በወፍራም ድምፅ «እኔም አልሰጠሁም! ዱቄቱንም ከፈለጋችሁ ውሰዱት!» ብሎ ጮኸ። ያ ድምፅ ከማን ወደ ማን እንደተወረሰ የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ብዙ ሰው ፊቱን ሸፈነ።

እህትየው ማጉያውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ሕፃናቱ ሄደች። ከትንሹ ልጅ ፊት ተንበረከከችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታችለት። ልጁ እናቱ ስታወልቀው እንደለመደው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። «አጥፍቼ ነው?» አላት በሹክሹክታ። «አላጠፋህም የኔ ጌታ» አለች። ልብሱን በጭንቅላቱ በኩል አወጣችለት፣ ከሥር የተጠቀለለውን ሸሚዙን ወደ ታች ሳበችለት፣ ፀጉሩን በእጇ አስተካከለችለት። ከዚያ ጋዋኑን ትከሻዋ ላይ ጥላ በመጣችበት ወጣች። ከእሷ ቀጥሎ ነርሷም የአንገቱን ጽሑፍ በጣቷ ዳስሳ የልጇን ለይታ ወሰደች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ከመዝሙሩ በፊት ተነሡ፤ ጣሪያውን ይሥሩት አይሥሩት ማንም አላወቀም፣ እስካሁንም አይታወቅም።

ሰብሳቢው ሰፊዋን በሩ ላይ ደረሰባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ እህትየውም፣ ደጅ ያለው ሰውም ሁሉ ሰማ። «ጣሪያውን አፈረስሽው! ክረምት ገብቶ እነዚህ ልጆች ላይ ሲዘንብ፣ እሱስ ለጣሪያው ነበር የፈራው በያቸው! ቁልፉን ነገ ታስረክቢያለሽ።» ሰፊዋ ብዙ የምትመልሰው ነበራት፤ መንገድ ላይ ሳለች ስንቱን አዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ዕቃዬን ሳይመሽ ወስጄ እጨርሳለሁ» የሚል ብቻ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው የዱቄት ማስቀመጫ ክፍሉን ለቀቀላቸው፤ «ከዛሬ በኋላ የማስቀምጠው ዱቄት ያለኝም አይመስለኝ» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀበት። አልጋውን እሱ ተሸክሞላቸው ቀደመ። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ መስታወቱ ሄደ። በመጨረሻ የቀረው የእግር መኪናው ነው፤ ብረቱ ብቻ የሁለት ሰው ሸክም። ሰፊዋ አንዱን ጫፍ ያዘች፤ እህትየው ሌላውን። ቁልፉን በሩ ላይ ተሰክቶ ተዉት። ፀሐይዋ ቤቶቹ ጫፍ ላይ ነበረች። እህትየው ከፊት ሆና ወደ ኋላዋ ትራመዳለች፤ ስለዚህ በመኪናው ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አጭሩ ጋዋን አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ከእህቷ አንድ ቃል ስትጠብቅ ውላለች፤ ቤቷን አጥታለች፣ እንጀራዋን ልታጣ ነው፣ ለማን ስትል? «ተባረኪ» ባትላት እንኳ «ደከመሽ?» ብትላት ይበቃት ነበር።

«እትዬ» አለች እህትየው።

«ወዬ።»

«ጆንያው ሲመጣ አላወቅሽም ነበር?»

ሰፊዋ መዋሸት ትችል ነበር። ውሸቱ ከቀትር ጀምሮ ተዘጋጅቶ አፏ ላይ ተቀምጧል። ግን ዛሬ የሰማችው ውሸት በቅቷታል።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች።

«ጠርጥረሽ ቆረጥሽው?»

«ቤቱን እንዳይወስዱብን ፈርቼ።»

እህትየው እርምጃዋን አላቆመችም። ፊቷም አልተለወጠም።

«እሱም እኮ የፈራው ለጣሪያው ነው» አለች።

መኪናው ከባድ ነው፤ መንገዱ ገና ግማሽ አልደረሰም፤ አንዳቸው ቢለቁት ሌላዋ እግር ላይ ነው የሚወድቀው። ሁለቱም አልለቀቁትም።